ወለተ ሐዋርያት ለዕረፍት ልትሄድ ስትነሣ

ወለተ ሐዋርያት እጇ ጭቃ ነበር። ድፍድፍ የሞላው እንስራና እንፋሎቱ የሚያልፍበት መቃ በሚጋጠሙበት ቦታ፣ ከአመድ ጋር ያሸችውን ጭቃ በአውራ ጣቷ እየጫነች ዙሪያውን ትደፍናለች። በአንድ በኩል እንደ ክር የቀጠነ እንፋሎት ይወጣል፤ ቶሎ ትጨምርበታለች። በሌላ በኩል ይወጣል፤ እዚያም ትጨምራለች። እንፋሎቱ አመለጠ ማለት አረቄው አመለጠ ማለት ነው። ከሥር የተማገደው የባሕር ዛፍ እንጨት እርጥብ ስለሆነ ጭሱ ቤቱን ሞልቶታል። ፊቷን ዘወር አድርጋ ዓይኗን በክንዷ ትጠርጋለች፤ በጣቷ እንዳትጠርግ ጭቃ ነው።

ይኼን ሥራ የማያውቅ ሰው አረቄ ዝም ብሎ የሚንጠባጠብ ይመስለዋል። አረቄ የምታወጣ ሴት ግን ከእሳቱ ፊት አትነሣም። እሳቱ ከበረታ ድፍድፉ ይገነፍላል፤ ከደከመ ጠብ አይልም። አረቄው የሚጠራቀምበት ዕቃ የተነከረበት ውሃ ሲሞቅ ደግሞ ያንን ደፍቶ ሌላ ቀዝቃዛ መለወጥ ያስፈልጋል፤ ውሃው ደግሞ ከቧንቧው እስከ ቤት በጀርባ ነው የሚመጣው። ወለተ ሐዋርያት ባሏ ከሞተ ጀምሮ የኖረችው እንዲህ ነው። አንድ ልጇን የሺዋስን ያሳደገችው፣ ያስተማረችው፣ አማኑኤል ከተማ ላይ ሱቅ ያስከፈተችው በዚሁ ጭስ ነው። ዓይኗ ዘወትር ቀይ ስለሆነ የማያውቃት ሰው ስታለቅስ የዋለች ይመስለዋል። እኔ ጎረቤቷ ነኝ፤ ግቢያችንን የሚለየው አንድ አጥር ነው። ሲከፋት እንኳ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም።

የዚያን ቀን ከግቢዋ አንዷን ክፍል የተከራየችው ሂዊ ሻንጣዋን እየጎተተች ደጃፉ ላይ ቆመች። ሂዊ የወረዳው ግብርና ሠራተኛ ናት፤ ሳቂታ ልጅ።

«እማማ፣ ሄድኩ። ደህና ይሰንብቱ።»

«ምነው ልጄ? ማን ታመመብሽ?»

«ማንም አልታመመም።»

«ውይ! ማን ሞተ ታዲያ?»

«ኧረ እማማ! ማንም አልሞተም። የዓመት ፈቃዴን ወጥቼ ነው። ባሕር ዳር ለዕረፍት ልሄድ ነው።»

«እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ምንም። ሐይቁ ዳር ቁጭ ማለት ነው።»

«ቁጭ?»

«ቁጭ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሲመሽ መነሣት ነው!» አለችና ሂዊ እየሳቀች ወጣች።

ወለተ ሐዋርያት እጇን እንዳነሣች ቀረች። ጭቃው በጣቷ ላይ ደረቀ። በመቃው ጎን እንፋሎቱ ሲወጣ አላየችውም።

ሂዊ ስትመለስ ፊቷ ጠቆር፣ ጉንጯ ሞላ ብሎ ነበር። ወለተ ሐዋርያት በዝግታ፣ እንደ ነውር ነገር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀቻት። «ይኼን ፈቃድ የምትይውን ማን ነው የሚሰጥሽ?»

«መሥሪያ ቤቱ ነዋ።»

«ለእኔስ ማን ይሰጠኛል?»

ሂዊ ልትስቅ ብላ ፊቷን አየችና ተወችው። «የእርስዎማ አለቃ እርስዎ ነዎት፣ እማማ» አለቻት።

ወለተ ሐዋርያት ይኼን ነገር በልቧ ይዛ ከረመች። ከቤቷ የወጣችባቸውን መንገዶች ሁሉ ታውቃቸዋለች። ደብረ ማርቆስ የሄደችው ባሏን ለማሳከም ነው፤ ሆስፒታሉ በር ላይ ካርቶን አንጥፋ ሰነበተች። ደብረ ኤልያስ የሄደችው እኅቷን ለመቅበር ነው። አማኑኤል የሄደችው ለልጅ ልጇ ክርስትና ነው፤ እንግዳው ሲበላና ሲጠጣ እሷ ጓሮ ሰሐን ስታጥብ ዋለች፤ ምራቷም «እርስዎ እኮ እጅዎ ፈጣን ነው» አለቻት። ሰው ወይ ታሞ፣ ወይ ሞቶ፣ ወይ ተወልዶ ካልሆነ መንገድ የላትም። መንገድ ስትሄድ ደግሞ ሥራዋ ከኋላዋ ይከተላታል። ለእኛ ለሴቶቹ ሁሉ እንዲሁ ነው፤ ነገር ግን ደኅና ነገር መስሎን ዝም ብለን ኖርን። ዛሬ ሳስበው ያናድደኛል።

የአረቄ ሴቶቹ ዕቁብ አላቸው። ዕጣው ለእሷ የወጣ ጊዜ ሰው ሁሉ አማካሪ ሆነ። የሺዋስ ስልክ ደውሎ ለሱቁ ዕቃ እንድታስሞላለት ጠየቃት። ማሬ፣ በወዲያ በኩል ያለችው ጎረቤታችን፣ «ቆርቆሮሽን ለውጪው፤ ክረምት ሲመጣ ያፈሳል» አለቻት። ወለተ ሐዋርያት ለሁሉም «እስቲ እናያለን» ትላለች። ማንንም ፊት ለፊት እምቢ ማለት አትችልም፤ ተፈጥሮዋ ነው። ብቻቸውን ሲሆኑ ግን ሂዊን ጠርታ «ከዚህ ላይ ለዕረፍት የሚበቃ ይገኛል?» አለቻት። ሂዊም ይበቃል፣ ይተርፋልም አለቻት።

ሁለቱ ማቀድ ጀመሩ። መቼም ከፋሲካ በፊት አይሆንም፤ የአረቄ ገበያው ያኔ ነው። ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ግን ሰዉ ጠጥቶ ጠግቦ፣ ገበያው ይቀዘቅዛል። ያኔ ይሁን ተባለ። ሂዊ እሷ ያረፈችበትን የእንግዳ ማረፊያ ቤት ደውላ ስታገኝ፣ ወለተ ሐዋርያት ስልኩን ተቀበለቻት። ባለቤቲቱን የጠየቀቻት ሦስት ነገር ነው።

«ሐይቁ ይታያል?»

«በመስኮት ይታያል፣ እማማ።»

«መስኮቱ ይከፈታል?»

«ይከፈታል።»

«ወጥ ቤት የማግዘው ነገር አለ?»

ሴትዮዋ አልገባትም። «ምን ያግዛሉ? እርስዎ እንግዳ ነዎት እኮ» አለቻት። ወለተ ሐዋርያት ስልኩን ለሂዊ መለሰችላት።

ከዚያ መሰናዳቱ መጣ። ከተማችን ሮብ ገበያ ብርድ ነው፤ ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ነፋስ አጥንት ይገባል። ያለን ልብስ ሁሉ ወፍራም ነው፤ ቀለሙም ጠቆር ያለ፣ ጭስና ጭቃ የማያሳይ። ሂዊ «እዚያ ፀሐዩ ይከብድዎታል፤ ነጭና ሳሳ ያለ ልብስ ይያዙ» ስላለቻት ሁለት ነጭ ቀሚስ አሰፋች። ነጠላ ጫማ ገዛች፤ ይኼ በእኛ አገር ለእግር መታጠቢያ ካልሆነ የሚፈለግ ነገር አይደለም። ሙቀት እንዳያስቸግራት ብላ ጠጉሯን በአጭሩ ተቆረጠች። የምግብ ቤት ምግብ ስለምትፈራ በሶ አስፈጨች፤ መበጥበጫ ቆርቆሮ ኩባያ ያዘች። ዶሮዎቿን እስክትመለስ ማሬ እንድትይዝላት ሰጠቻት። እንስራዎቿን አጥባ በአፋቸው ደፋቻቸው። የማኅበር ተራዋ እሷ በሌለችበት ሳምንት ላይ ስለሚውል አስቀድማ አወጣች፤ ጠላውም ዳቦውም አልተጓደለም። በመጨረሻ የንስሐ አባቷ ቄስ አካለ ወልድ ዘንድ ሄደች። አንገቷን ደፍታ «አባቴ፣ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ሐይቁ ልሄድ ነውና በጸሎት ያስቡኝ» አለች። እሳቸውም ትክ ብለው አዩዋት፤ መስቀላቸውን አሳለሟት፤ «እግዚአብሔር ያስፈጽምሽ» አሉ። ተጨማሪ አልጠየቁም። እሷም ዓይነ አፋር ስለሆነች ዘርዝራ አልተናገረችም።

እስቲ አሁን ይኼን ሁሉ ማሬ በአጥሩ በኩል እንዳየችው እዩት። ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያደረሰች ሴት ጠጉሯን ተቆረጠች። ነጭ ቀሚስ አሰፋች። በሶ አስፈጨች፤ ኩባያ ያዘች። እንስራዋን ደፋች፤ ዶሮዋን ሰጠች፤ ማኅበሯን አስቀድማ አወጣች፤ ከንስሐ አባቷ ተሰናበተች። ወዴት ነው? ወደ ጣና ነው። ጣና ላይ ያለው ደግሞ ገዳም ነው።

ማሬ ክፉ ሴት አይደለችም። ወለተ ሐዋርያት ልትመነኩስ ነው ብላ አምና፣ ከልቧ አልቅሳ፣ ለአንዷ ነገረች። አንዷ ለሌላዋ ነገረች። በሰንበቴው ዕለት ወለተ ሐዋርያት ስትገባ ሴቶቹ ሁሉ ብድግ አሉላት። እጇን የሳሙ አሉ። «በጸሎትሽ አስቢን» አሏት። እሷም ግራ ቢገባትም፣ በጸሎት አላስብም አይባልምና፣ «እሺ፣ እሺ» እያለች ተቀመጠች። እቤት ስትመለስ ለሂዊ «ሰው ለካ ይወደኛል» አለቻት።

የመሄጃዋ ዋዜማ ቅዳሜ ነበር። ሻንጣው፣ የሂዊ ባለ ጎማው ሻንጣ፣ መደቡ ላይ ተከፍቶ ነበር። ወለተ ሐዋርያት ቀሚሶቿን አጣጥፋ፣ ነጠላ ጫማዋን በፌስታል ጠቅልላ እያስገባች ሳለ እንግዶች ገቡ። የሺዋስ ከአማኑኤል መጥቷል። ከእሱ ጋር የባሏ ታላቅ ወንድም አያ እንዳላማው አሉ። ቄስ አካለ ወልድም አሉ። ከኋላ ማሬ የታጠፈ ነገር በደረቷ ታቅፋ ገባች። እኔም ምን ተፈጠረ ብዬ ተከተልኳቸው።

የሺዋስ ጎንበስ ብሎ የእናቱን ጉልበት ሳመ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። «እማ፣ እኔ አልከለክልሽም» አላት። «ይከፋኛል፤ ግን አልከለክልሽም።»

ወለተ ሐዋርያት በጣም ደስ አላት። «ተባረክ ልጄ! እኔ እኮ ትቆጣኛለህ ብዬ ፈርቼ ነው ያልነገርኩህ።»

«ምን ያስቆጣኛል? የቤተሰብ ክብር ነው።»

አያ እንዳላማው ከመቀመጣቸው በፊት ግድግዳውን በበትራቸው ጫፍ ነካ ነካ አደረጉ። «ጥሩ ነው። የሚያምር ነገር ነው። እንግዲህ ሳትሄጂ ነገሩን በሽማግሌ ፊት እንጨርሰው። ቤቱ ለየሺዋስ ይሁን። የጓሮው ባሕር ዛፍ ግን የወንድሜ እጅ ተከላ ስለሆነ ወደ እኔ ይዙር። እንስራውንና መቃውን የምትገዛ ሴት አግኝቻለሁ።»

«የምን መቃ?» አለች ወለተ ሐዋርያት።

«የአረቄውን። ከእንግዲህ ለአንቺ ምን ያደርግልሻል?»

ማሬ በዚህ ጊዜ ያቀፈችውን ፈታችው። በቢጫ ቀለም ያስነከረችው ነጠላ ነበር፤ መነኮሳይት የምትለብሰው ዓይነት። «እትዬ ወለተ፣ ከእኔ ትሁንሽ» ብላ እንባዋን ዘረገፈችው።

ወለተ ሐዋርያት ነጠላውን አየች። ልጇን አየች። ቄሱን አየች። «ማን ነው የሚመነኩሰው?» አለች።

ሂዊ በሩ ላይ ነበረች። አፏን በእጇ ብትይዝም ሳቋ አመለጣት። «እማማ ለዕረፍት ነው እኮ የሚሄዱት! ዘጠኝ ቀን አርፈው ይመለሳሉ!»

 ማሬ ነጠላውን ቀስ ብላ አጠፈችው። የሺዋስ ከጉልበቷ ሥር ተነሣ፤ ፊቱ ላይ የነበረው እንባ በየት እንደደረቀ እንጃ።

«ለምን አልሽ?» አላት እናቱን።

«ለዕረፍት» አለች ወለተ ሐዋርያት፣ ወደ መሬት እያየች።

«ምን ደክሞሽ?»

ይኼን ቃል በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። በእሷ ጭስ የተማረ፣ በእሷ ጭስ ሱቅ የከፈተ ልጅ «ምን ደክሞሽ?» አላት። ለዘላለም ትታው ልትሄድ ነው ብሎ ሲያስብ ጉልበቷን የሳመው፣ ለዘጠኝ ቀን ልትሄድ ነው ሲባል ተቆጣ። ገዳም ገብታ ዳግመኛ ላትመለስ ብትሄድ የቤተሰብ ክብር ነው፤ ሐይቅ ዳር ቁጭ ብላ ብትመለስ ውርደት ነው። ይኼን የሚያስረዳኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

አያ እንዳላማው ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል አሉ» አሉ። «በስተርጅና ዙረት! ዕረፍት ከሆነ የፈለግሽው ሰንበት አለልሽ። የሚካኤል፣ የማርያም፣ የመድኃኔ ዓለም ቀን አለልሽ። በወር ውስጥ የምናርፍበት ቀን ከምንሠራበት አይበዛም እንዴ?»

«አንቱ ያርፋሉ» አለች ወለተ ሐዋርያት። ድምፅዋ ዝቅ ከማለቱ የተነሣ የሰማናት ቅርብ ያለነው ነን።

«ምን አለች?» አሉ አያ እንዳላማው።

«አንቱ ያርፋሉ ነው የሚሉት» አለች ሂዊ ጮክ ብላ። «በዓል በመጣ ቁጥር ጠላውን የሚጠምቀው ማን ነው? ዳቦውንስ? አረቄው የሚሸጠው በበዓል ቀን አይደለም? እርስዎ ያረፉ ቀን እኮ ነው እማማ እንቅልፍ የማያውቁት!»

«አንቺ ተከራይ ነሽ» አሏት አያ እንዳላማው። «በኪራይሽ ኑሪ።»

እኔም ያኔ መናገር ነበረብኝ፤ አፌ አልታዘዘልኝም። ግን እውነቷን ነው። እርሻ በማይታረስበት ቀን በሬው ያርፋል፣ ገበሬው ያርፋል፣ ሞፈሩም ግድግዳ ተደግፎ ያርፋል። ወጥ ቤቱ አንድም ቀን አርፎ አያውቅም።

የሺዋስ ድምፁን አለሳለሰ። «እማ፣ ሰው ምን ይላል? አማኑኤል እኮ ሰምተዋል። ደንበኞቼ ሁሉ እንኳን ደስ አለህ ብለውኛል። አሁን ምን ልበላቸው? እናቴ መናፈሻ ሄደች ልበል?»

«ዓይኔ ከጭስ ሌላ ነገር ይይ ብዬ ነው» አለችው። ይኼንኑ ብቻ ነው ያለችው። ከዚያ ቀሚሷን ከሻንጣው አውጥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ልትቀር መሆኑን ሁላችንም አወቅን። ያንን ቀሚስ ጭኗ ላይ በእጇ ታለሳልሰው ጀመር።

ቄስ አካለ ወልድ ሰው እንዳይጣላ የሚፈልጉ፣ ደግ አባት ናቸው። ጉሮሯቸውን ጠርገው «ጥፋቱ የእኔም ነው፤ መጠየቅ ነበረብኝ» አሉ። «አሁን ግን እንዲህ ይሁን። መንገዱ አንድ ነው። ሐይቁን ስታይ ገዳሙም እዚያው ነው። ሄዳ ደጁን ትሳለም፤ ለአጥቢያው ጠበል ይዛ ትመለስ። ለመሳለም ሄደች ይባላል፤ ውሸትም የለበትም።»

ሁሉም ተነፈሱ። የሺዋስ «እንዲህማ ከሆነ ጥሩ ነው» አለ። ማሬ ነጠላዋን ይዛ ሄዳ በሻማ ለውጣው መጣች። ወለተ ሐዋርያት ቀሚሷን ወደ ሻንጣው መለሰችው፤ እኔም አምላኬን አመሰገንኩ።

ምስጋናዬ ግን ብዙ አልቆየም። ወሬው ተመልሶ ዞረ፤ ማታውኑ ሰው ከየቤቱ መምጣት ጀመረ። የሚሳለም ሰው ባዶ እጁን አይሄድም፤ አደራ ሲሰጡትም እምቢ አይልም። ጧፍ መጣ፣ ዕጣን መጣ፣ እንዲጸለይለት የሚፈልግ የክርስትና ስሙን ነገራት። አንዲት ሴት «እግረ መንገድሽን» ብላ እዚያ ከተማ ላለች የአጎቷ ልጅ ቅቤ ሰጠቻት። ሻንጣው ሞላ። ቦታ ሲጠብ መጀመሪያ የወጣው ነጠላ ጫማው ነው። ቀጥሎ አንዱ ቀሚስ ወጣ።

በመጨረሻ አያ እንዳላማው ተመልሰው መጡ። በእጃቸው ሃያ ሊትር የሚይዝ ቢጫ ጄሪካን ነበር።

«ይኼን ሙዪልኝ። እስከ አፉ። ለእኔም፣ ለከብቶቹም ነው።»

ሂዊ ጄሪካኑን አየችው፤ ወለተ ሐዋርያትን አየቻት። «አያ እንዳላማው፣ ዓባይ ግንድ ይዞ ይዞራል አላሉም ነበር?»

«ብያለሁ፤ ምን ይሁን?»

«ግንዱን የሚያስይዙት እርስዎ ነዎታ!»

አያ እንዳላማው ጄሪካኑን ደጃፉ ላይ አስቀምጠው፣ ክዳኑ እንዳይጠፋ በሲባጎ አስረው ሄዱ።

«እማማ» አለች ሂዊ፣ ልታለቅስ ደርሳ፣ «ውሃ ልትሸከሚ ነው የምትሄጂው?» ከንዴቷ የተነሣ አንቱታውን ረሳችው።

«ተይው ልጄ። ባዶውን ነው አሁን» አለቻት ወለተ ሐዋርያት።

ዕድሜዋን ሙሉ ውሃ ስትቀዳ የኖረች ሴት፣ በስተርጅናዋ አንዴ ልረፍ ብላ ብትነሣ፣ ከባሕር ዳር ሮብ ገበያ ድረስ ሃያ ሊትር ውሃ ተሸክማ እንድትመለስ አዘዟት። ጠበሉ የተቀደሰ ነው፤ በእሱ አልቀልድም። ነገር ግን አያ እንዳላማው ጤነኛ ናቸው፤ ሁለት የደረሱ ወንዶች ልጆች አሏቸው፤ መንገዱ ለእነሱም ክፍት ነው።

በማግሥቱ ንጋት ላይ ደብረ ማርቆስ የሚወስደው ሚኒባስ ጋ ሸኘናት። ረዳቱ ጄሪካኑን ጣሪያ ላይ ሊያስር ሲያነሣው ቀለለው። «እማማ፣ ባዶ ነው? ለባዶ ጄሪካንም ያስከፍላል እኮ!» አላት። ከፈለች። እኔና ሂዊ ሚኒባሱ ከዓይናችን እስኪሰወር ቆምን፤ ከጣሪያው ላይ ቢጫው ጄሪካን ብቻ ሲንገጫገጭ ይታይ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለውን ራሷ የነገረችኝ ነው። ቅቤውን በደረሰች ዕለት ለሴትዮዋ አደረሰች። ጧፉንና ዕጣኑን በማግሥቱ ኪዳን ስታስደርስ ለቤተ ክርስቲያን ሰጠች፤ ስሞቹንም አንድም ሳትረሳ ለካህኑ ነገረች። ከዚያ ክፍሏ ተመልሳ መስኮቱን ከፈተች። ሐይቁ አለ። ዳርቻው ላይ ደንገል ቆሟል፤ ረጅም ምንቃር ያላቸው ነጫጭ ወፎች ውሃው ላይ እንደ ሰው ተሰብስበው ተቀምጠዋል። ቁርስ ሲመጣላት ሳሕኑን ልታጥብ ይዛ ተነሣች፤ የምታስተናግደው ልጅ ከእጇ ተቀበለቻት። በሁለተኛው ቀንም ተነሣች። በሦስተኛው ቀን አልተነሣችም።

ቀን ቀን ሐይቁ ዳር ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች፤ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ውሃው ውስጥ ታስገባለች። ጀልባ ነጂዎቹ «ገዳም! ገዳም! አንድ ሰው የጎደለው!» እያሉ ይጣራሉ። እሷንም ያዩዋታል። «እማማ፣ አይሳለሙም?» «እሳለማለሁ፤ ዛሬ አይደለም» ትላቸዋለች። አንዱማ ለምዷት «እርስዎን ስጠብቅ ጀልባዬ በሰበሰ» ይላታል፤ ትስቃለች።

ስልክ ይደወላል። የሺዋስ ነው።

«እማ፣ ጠበሉን ቀዳሽ?»

«ገና ነኝ ልጄ።»

«አያ እንዳላማው እየጠየቁኝ ነው። እስከ አፉ ይሁን ብለዋል።»

«እሺ።»

ሐይቁ እንዴት ነው አላላትም። ዓይንሽ እንዴት ነው አላላትም። በነጋታው ደወለ፤ እንደዚያው ነው። አንድ ቀን ስልኩን ራሳቸው አያ እንዳላማው ያዙት። «ክዳኑን አጥብቂው፤ መንገድ ላይ እንዳይፈስ። መኪናው ጣሪያ ላይ እንዲጭኑት አትስጫቸው፤ ይገለብጡታል። ጭንሽ ላይ ያዢው» አሏት። ሃያ ሊትር ጭኗ ላይ! ይኼን ስትነግረኝ እሷ ረጋ ብላ ነው፤ እኔ ነኝ ከመቀመጫዬ የተነሣሁት።

ደጁን ለመሳለም ለቄስ አካለ ወልድ የገባችውን ቃል ግን አላጠፈችም። ልትመለስ አንድ ቀን ሲቀራት ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ጀልባዎቹ ወረደች። ያ ጀልባ ነጂ እጇን ይዞ አሳፈራት። ተሳፋሪው ሁሉ ባለ ጄሪካን ነው፤ ትንሽም ትልቅም፣ ሴቶቹ በእግራቸው መሐል ይዘውታል።

«የእርስዎስ ጄሪካን እማማ? ረስተውት ከሆነ ልጠብቅዎት» አላት።

«አልረሳሁትም» አለችው። «ሂድ።»

ደሴቱ ላይ ወርዳ፣ አቀበቱን ቀስ ብላ ወጥታ፣ ደጁን ተሳለመች። ለልጇ ጸለየች፤ ለማሬ ጸለየች፤ ለአያ እንዳላማውም ጸለየች። ጠበሉ ዘንድ ሰልፉ ረጅም ነበር። እሷ በመዳፏ ተቀብላ ዓይኖቿን ታጠበች፤ ትንሽ ጠጣች፤ ከሰልፉም ወጣች።

ሲመለሱ ጀልባዋ ከብዳ ወደ ውሃው ዝቅ ብላ ነበር። ሴቶቹ ማዕበል በመጣ ቁጥር ጄሪካናቸውን እንቅ አድርገው ይይዛሉ። ወለተ ሐዋርያት ዳር ላይ ተቀምጣ ነበር። እጇን ወደ ሐይቁ ዘርግታ፣ ውሃው በጣቶቿ መሐል እየተሰነጠቀ ሲያልፍ እያየች ሄደች። የአያ እንዳላማው ጄሪካን በእንግዳ ማረፊያው ክፍል፣ ከአልጋው ሥር፣ ሲባጎው እንኳ ሳይፈታ ነበር።